መኪና ይዞ ስቴት መቀየር፦ ታክሱ፣ ታርጋውና ቅደም ተከተሉ

ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ስንዛወር የቤት ዕቃውን በአንድ ቅዳሜ ጨረስነው። የመኪናዋን ጉዳይ ለመጨረስ ግን ሦስት ወር ፈጀብኝ። መንገዱ እኮ ሩቅ አይደለም። ቀለበት መንገዱን ይዘህ ድልድዩን መሻገር ነው። ግን ስቴቱ ሌላ ነው። ስቴቱ ሌላ ከሆነ ታክሱም፣ ታርጋውም፣ ኢንሹራንሱም ሌላ ነው።

ስህተቴ ቅደም ተከተሉን መገልበጤ ነበር። የቨርጂኒያ ኢንሹራንስ እንደገባሁ የሜሪላንዱን በዚያው ቀን አሰረዝኩ። ሁለት ቦታ ለምን ልክፈል ብዬ ነው። የሜሪላንድ ታርጋ ግን ገና መኪናዋ ላይ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ "በዚህ ታርጋ የተመዘገበው መኪና ኢንሹራንስ የለውም" የሚል ደብዳቤ ከነቅጣቱ መጣ። መኪናዋ አንድም ቀን ያለ ኢንሹራንስ አልዋለችም። ሜሪላንድ ግን የሚያየው በራሱ ታርጋ ላይ ያለውን የሜሪላንድ ኢንሹራንስ ነው። ቅጣቱ ደግሞ በየቀኑ ይጨምራል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወዳጆቼ ሲዛወሩ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ያየሁት ነገር አንድ ነው። ታክሱ የተወሰነ ነው፤ አስልተህ ትከፍለዋለህ። ኪስ የሚጎዳው አንዱን ከሌላው አስቀድሞ መሥራት ነው። ስለዚህ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ የሚደረገውን ዝውውር ዋና ምሳሌ አድርጌ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ወደ ሌላ ስቴት የምትሄዱም አትለፉት፣ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። የየስቴቱን ልዩነት ከታች አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን ወረቀቶችና ሦስቱን ክፍያዎች ለዩ

ታይትል መኪናው የማን እንደሆነ የሚያሳየው ወረቀት ነው። ለአገር ቤቱ ሊብሬ ቅርብ ነው። ሬጅስትሬሽን ደግሞ መኪናው መንገድ ላይ እንዲወጣ የሚፈቅደው ነው፤ ታርጋው ከእሱ ጋር ይመጣል። ስቴት ስትቀይሩ ሁለቱም ይቀየራሉ።

ክፍያው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው መኪናው በአዲሱ ስቴት ታይትል ሲወጣለት አንድ ጊዜ የሚከፈል ታክስ ነው። ቨርጂኒያ የሽያጭና የመጠቀሚያ ታክስ ይለዋል። ሜሪላንድና ዲሲ ኤክሳይዝ ታክስ ይሉታል። ሁለተኛው በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ የሚከፈል የንብረት ግብር ነው። ይህ ቨርጂኒያ አለ፣ ሜሪላንድና ዲሲ የለም። ሦስተኛው የታይትል፣ የታርጋና የምርመራ ክፍያ ነው። ይህ ብዙ አያሳስብም። ለምሳሌ በቨርጂኒያ ታይትል 15 ዶላር ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ አንደኛውን ይፈራና ሁለተኛውን ይረሳል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው።

ከመዛወራችሁ በፊት የሚሠራ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የድሮው አድራሻ ላይ ሳላችሁ ሦስት ነገር አድርጉ።

የመኪናው ዕዳ ካላለቀ ባንኩ ጋ ደውሉ። ዕዳ ያለበት መኪና ታይትሉ በብዙ ስቴት ባንኩ ጋ ነው ያለው፣ ብዙ ጊዜም በኤሌክትሮኒክ መልክ ነው። "ወደ ቨርጂኒያ እየተዛወርኩ ነው፣ ታይትሉን ለቨርጂኒያ ዲኤምቪ (የመኪናና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) እንዴት ትልኩልኛላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ከሁሉም በፊት የሚጀመር ሥራ ነው። መኪናው ሊዝ (የረጅም ጊዜ ኪራይ) ከሆነ ባለቤቱ ሊዝ ሰጪው ኩባንያ ነው። ከእነሱ ውክልና ያስፈልጋችኋል።

ቀጥሎ መኪናውን ስትገዙ የከፈላችሁትን ታክስ የሚያሳይ ወረቀት ፈልጉ። የአከፋፋዩ የሽያጭ ውል ላይ ይገኛል። ለምን እንደሚጠቅም ወዲያው ታያላችሁ።

ሦስተኛ፣ ያልተከፈለ የፍጥነት ካሜራ፣ የፓርኪንግና የቶል ቅጣት ካለ ጨርሱ። ያልተከፈለ ቅጣት መዝገባችሁ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና በኋላ በማይመች ሰዓት ይመጣል።

ቀኑ መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

ቨርጂኒያ ለመኪናው 30 ቀን፣ ለመንጃ ፈቃዱ 60 ቀን ይሰጣል። የሚቆጠረው ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ነው። ታርጋው እስኪያልቅ ድረስ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። "የሜሪላንዱ ታርጋዬ እስከሚቀጥለው ዓመት ይሠራል" የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ሜሪላንድ ለሚኖር ሰው ይሠራል። አሌክሳንድሪያ ለሚያድር ሰው ግን ከ30 ቀን በኋላ አይሠራም።

አንደኛ፦ አዲሱን ኢንሹራንስ ግቡ፣ የድሮውን አትንኩ

የቨርጂኒያ ኢንሹራንስ ከገባችሁ በኋላ ነው ዲኤምቪ የምትሄዱት። ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ የቨርጂኒያ ዝቅተኛ ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺህ፣ በአንድ አደጋ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር ነው። የሜሪላንድ ዝቅተኛ 30፣ 60 እና 15 ሺህ ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ ዝቅተኛውን ይዛችሁ ከነበረ ሽፋኑ ማደግ አለበት። ዋጋውም አብሮ ይቀየራል።

ድሮ ቨርጂኒያ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። አሁንም ይህን የሚያወራ ሰው አለ። ያ ሕግ ጁላይ 1፣ 2024 ቀርቷል።

ኩባንያችሁ ሁለቱም ስቴት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ይቀላል። ደውላችሁ "ታርጋ የምመልሰው በዚህ ቀን ነው፣ የሜሪላንዱ እስከዚያ ይቆይልኝ" በሏቸው። ሁለቱ ለጥቂት ቀን ቢደራረቡ የምታጡት ትንሽ ገንዘብ ነው። ቅጣቱ ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

ሁለተኛ፦ ምርመራውን አስቀድሙ

ሰሜን ቨርጂኒያ ለምትገቡ የጭስ ምርመራ አለ። አርሊንግተን፣ ፌርፋክስ፣ ላውደን፣ ፕሪንስ ዊሊያም፣ ስታፈርድ፣ አሌክሳንድሪያና በመካከላቸው ያሉት ትንንሽ ከተሞች ሁሉ ውስጥ ናቸው። በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል። ሬጅስትሬሽኑ ከመውጣቱ በፊት ማለፍ አለባችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና አይመለከተውም።

የቼክ ኢንጅን መብራት ከበራ ቀድማችሁ አሠሩት። እንደበራ ከሄዳችሁ ይጥላችኋል። ባትሪ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋትም አያዋጣም። የመኪናው ኮምፒውተር ራሱን ፈትሾ ካልጨረሰ ማሽኑ "ዝግጁ አይደለም" ይላል። ጥቂት ቀን በመደበኛው መንገድ ነድታችሁ ተመለሱ።

ከዚያ የደኅንነት ምርመራው አለ። ይህ በየዓመቱ ነው፣ ዋጋው ለተራ መኪና 20 ዶላር ነው። መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ይሰጣችኋል። የአገር ቤቱን ቦሎ አስቡት። ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት፣ መጥረጊያ፣ የመስታወት ስንጥቅ ያያሉ። ከወደቀ ሌላ ምልክት ለጥፈው 15 ቀን ይሰጧችኋል። አሠርታችሁ ወደዚያው ቦታ ስትመለሱ እንደ አዲስ ሙሉ ክፍያ አይጠይቁም፣ 1 ዶላር ነው። ከሜሪላንድ ለመጣ ሰው ይህ አዲስ ልማድ ነው። ሜሪላንድ መኪናውን ስታስገቡ አንድ ጊዜ አጥብቆ ይመረምርና ከዚያ የጭሱን ብቻ ያያል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ነው። ወሩን ስልካችሁ ላይ ያዙት፤ ምልክቱ ያለፈበት መኪና ፖሊስ ከሩቅ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፦ ዲኤምቪ

ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ። የምትይዙት ታይትሉን ወይም ባንኩ የላከበትን ማረጋገጫ፣ የሜሪላንድ ሬጅስትሬሽን፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ መታወቂያና አዲሱን አድራሻ የሚያሳይ ሰነድ ነው። የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ሒሳብ ይሆናል። የማመልከቻው ፎርም ቪኤስኤ 17ኤ ይባላል። ቤታችሁ ሞልታችሁ ብትሄዱ መስኮቱ ላይ አትጨናነቁም። መንጃ ፈቃዱንም በዚያው ቀን ቀይሩት። የሜሪላንዱን ይወስዱታል።

አሁን ወደ ታክሱ። የቨርጂኒያ የሽያጭና የመጠቀሚያ ታክስ 4.15 በመቶ ነው፣ ቢያንስ 75 ዶላር። ግን አዲስ ነዋሪ ሆኖ መኪናውን በስሙ ይዞ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ሕጉ የሚያየው 12 ወሩን ነው። መኪናው በሌላ ስቴት በስማችሁ ሆኖ ከ12 ወር በላይ ከያዛችሁት ታክሱ የለም። ከ12 ወር በታች ከሆነ ለሌላ ስቴት የሽያጭ ታክስ መክፈላችሁን ካሳያችሁ የለም። ማሳየት ካልቻላችሁ ግን በወቅቱ የገበያ ዋጋ ላይ ትከፍላላችሁ። 10 ሺህ ዶላር ለሚያወጣ መኪና 415 ዶላር ነው።

ያንን የአከፋፋይ ወረቀት ፈልጉ ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ወዳጄ መኪናውን በገዛ በሰባተኛው ወር ተዛወረ። ታክሱን ሜሪላንድ ከፍሎ ነበር፣ ወረቀቱን ግን ጥሎታል። ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ ሻጩ ቢሮ እየተመላለሰ አስወጣው። ወረቀቱ ወደ 500 ዶላር አዳነው።

ፕሪየስና ሌሎች ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ለያዛችሁ አንድ ተጨማሪ አለ። በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ የሚሄድ መኪና እንዲሁም የኤሌክትሪክ መኪና የመንገድ መጠቀሚያ ክፍያ ይከፍላል። ከሬጅስትሬሽኑ ጋር ተደምሮ ይመጣል። ጥቂት ለሚነዳ ሰው በማይል ልክ መክፈል የሚቻልበት አማራጭ አለ። ሌት ተቀን ለሚነዳ ሾፌር ግን አይጠቅምም።

አራተኛ፦ ካውንቲው፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው

ዲኤምቪ ጨረሳችሁ ማለት ጨረሳችሁ ማለት አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪና ንብረት ግብር የሚሰበስበው ካውንቲው ወይም ከተማው ነው። መኪናውን እዚያም ማስመዝገብ የእናንተ ኃላፊነት ነው። ፌርፋክስ 60 ቀን ይሰጣል። ሌላ ካውንቲ የምትገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ድረ ገጹ ላይ አስመዝግቡና ተገላገሉ።

የግብሩ ልክ በየቦታው ይለያያል። አርሊንግተንን ውሰዱ። በየ100 ዶላሩ 5 ዶላር ነው። መኪናችሁ 15 ሺህ ዶላር ካወጣ 750 ዶላር ይሆናል፣ በዓመት። ከዚህ ላይ ስቴቱ የሚሰጠው ቅናሽ አለ። ቅናሹ ለግል መገልገያ መኪና የመጀመሪያው 20 ሺህ ዶላር ዋጋ ላይ ነው የሚሠራው። መቶኛውን ካውንቲው በየዓመቱ ይወስናል። ዋጋው ከ1 ሺህ ዶላር ያልበለጠ አሮጌ መኪና ግብሩ ሙሉ በሙሉ ይነሳለታል።

ዋጋው የሚገመተው በጃንዋሪ 1 ነው። አርሊንግተንና ፌርፋክስ የሚከፈለው እስከ ኦክቶበር 5 ነው። በዓመቱ አጋማሽ ከገባችሁ ለቀሩት ወራት ብቻ ያሰሉላችኋል። ኦክቶበር 5 ካለፈ ቅጣት ይጨመራል። በአዲስ አድራሻ የመጀመሪያው ሒሳብ ፖስታ ላይ ሊጠፋ ስለሚችል ደብዳቤ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ።

ሥራ ቀይራችሁም ሆነ ቤት ገዝታችሁ ወደ ቨርጂኒያ ለመምጣት የምታስቡ፣ ይህን ቁጥር ከቤት ኪራዩ ጋር ደምሩት። ሁለት አዳዲስ መኪና ላለው ቤተሰብ በዓመት ከሺህ ዶላር በላይ ሊሆን ይችላል። ሜሪላንድ ላይ ጨርሶ ያልነበረ ወጪ ነው።

ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የንብረት ግብር ቅናሹ ለግል መኪና ነው ብያለሁ። መኪናው በዓመቱ ከነዳው ማይል ከ50 በመቶ በላይ በፌዴራል ታክስ ላይ የሥራ ወጪ ተብሎ ከተያዘ ቅናሹ አይገባውም። ሙሉ ጊዜ የሚነዳ ሾፌር ብዙውን ጊዜ በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ቅጹ ላይ "ለግል" ብላችሁ ሞልታችሁ በታክስ ላይ "ለሥራ" ካላችሁ ሁለቱ ወረቀቶች ይጋጫሉ። አታድርጉት።

ግን የምታገኙትም አለ። የንብረት ግብሩ በመኪናው ዋጋ ላይ የተሰላ ስለሆነ የሥራውን ድርሻ በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚሞላበት የፌዴራል ታክስ ቅጽ) ላይ ወጪ አድርጋችሁ መያዝ ትችላላችሁ። በማይል የሚቀንስ ሰውም ቢሆን ይችላል። ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው ደረሰኙን ስጡት፣ ካልሰጣችሁት አይጠይቃችሁም።

ሌላም አለ። ካውንቲዎቹ ዋጋውን የሚገምቱት ከመመሪያ መጽሐፍ ነው፣ የእናንተን ማይል አያዩም። 180 ሺህ ማይል የሄደች ካምሪ በመጽሐፉ ዋጋ ልትገመት ነው። ማይሉ ብዙ መሆኑን በማስረጃ አሳይታችሁ ዋጋው እንዲቀንስ መጠየቅ ይቻላል። የዘይት ለውጥ ደረሰኝ ወይም የምርመራ ወረቀት ማይሉን ያሳያል። ቀነ ገደብ ስላለው ዓመቱ ሲጀምር ጠይቁ።

አዲሱን ሬጅስትሬሽንና ኢንሹራንስ አፑ ላይ ጫኑ። ለሾፌርነት የሚሆነውን ተጨማሪ ሽፋንም ለኢንሹራንሱ ንገሩ። ሳትነግሩ ብትጋጩ ጣጣው ከባድ ነው።

አምስተኛ፦ የድሮውን ታርጋ መልሱ፣ ከዚያ ኢንሹራንሱን ሰርዙ

የቨርጂኒያው ታርጋ ሲገጠም የሜሪላንዱን ፍቱና ለኤምቪኤ (ለሜሪላንድ የመኪና መሥሪያ ቤት) መልሱ። በአካል ብትሄዱ ይሻላል። ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኙን ፎቶ አንሱ። ከዚያ በኋላ ነው የሜሪላንዱን ኢንሹራንስ የምትሰርዙት። ታርጋ፣ ደረሰኝ፣ ስረዛ። በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ። እኔ ይህን አለማወቄ ነው ያስቀጣኝ።

የቶል መክፈያው ኢዚ ፓስ ላይም ታርጋውን ቀይሩ። ካልቀየራችሁ መሣሪያው ባልነበበ ቁጥር የቶል ሒሳብ ከነተጨማሪው ይመጣል።

ወደ ሌላ ቦታ ለምትሄዱ

ወደ ሜሪላንድ፦ 60 ቀን አላችሁ። ኤክሳይዝ ታክሱ ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ነው። የመጣችሁበት ስቴት ታክስ ከዚህ እኩል ወይም በላይ ከሆነ 100 ዶላር ብቻ ትከፍላላችሁ። ካነሰ ልዩነቱን። ከቨርጂኒያ ለሚመጣ ልዩነቱ 2.35 በመቶ ነው፤ 18 ሺህ ለሚያወጣ መኪና 423 ዶላር። 60 ቀኑን ካሳለፋችሁ ግን ይህን ቅናሽ ታጣላችሁ። ስለዚህ እዚህ መዘግየት በቀጥታ ገንዘብ ነው። ፈቃድ ካለው ጋራዥ የሜሪላንድ ምርመራ ያስፈልጋል። ከወደቀ በ30 ቀንና በ1 ሺህ ማይል ውስጥ አሠርታችሁ ብትመለሱ የወደቀውን ብቻ ያያሉ። ያረጀ መኪና ያላችሁ ከመዛወራችሁ በፊት የራሳችሁ መካኒክ ይየው።

ወደ ዲሲ፦ 60 ቀን ነው። መኪናው በሌላ ስቴት በስማችሁ ተመዝግቦ ከነበረ አዲስ ነዋሪ ኤክሳይዝ ታክስ አይከፍልም። የሌላ ስቴት ታርጋ ይዞ ደጋግሞ የሚያድር መኪና ግን የፓርኪንግ ሠራተኞች ይመዘግቡታል። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ቅጣት ይመጣል።

ወደ ቴክሳስ፦ ዳላስና ሂዩስተን ለምትገቡ ይህ ቀላል ነው። በስማችሁ ተመዝግቦ የመጣ መኪና የ6.25 በመቶውን ታክስ ሳይሆን 90 ዶላር ነው የሚከፍለው። 30 ቀን አላችሁ። የምትሄዱት ወደ ካውንቲው የታክስ ቢሮ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ሌላ ነው፣ ለእሱ 90 ቀን አለ። የደኅንነት ምርመራ ለግል መኪና ከ2025 ጀምሮ ቀርቷል። ዳላስና ሂዩስተን አካባቢ ግን የጭሱ አለ።

ወደ ጆርጂያ፦ መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን አውጡ። 30 ቀን ነው። አዲስ ነዋሪ በመኪናው ዋጋ 3 በመቶ አንድ ጊዜ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ዓመታዊ የዋጋ ግብር የለም። 20 ሺህ ለሚያወጣ መኪና 600 ዶላር ነው፣ አዘጋጁት። ክላርክስተንና አትላንታ ዙሪያ የጭስ ምርመራ አለ።

ወደ ሲያትል፦ 30 ቀን ነው። መኪናውን ከመግባታችሁ በፊት ቢያንስ 90 ቀን ሌላ ስቴት ከተጠቀማችሁበት የመጠቀሚያ ታክሱ የለም። ስለዚህ ልትዛወሩ ስትሉ አዲስ መኪና አትግዙ። ሲያትል አካባቢ ለባቡሩ ግንባታ በዋጋው ላይ 1.1 በመቶ በየዓመቱ ይጨመራል።

ወደ ካሊፎርኒያ፦ 20 ቀን ብቻ። ከ7,500 ማይል በታች የሄደ አዲስ መኪና የካሊፎርኒያን የጭስ ደረጃ የማያሟላ ከሆነ አይመዘግቡትም። ከመግዛታችሁ በፊት ኮፈኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

"የእህቴን አድራሻ ልጠቀም?"

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የቨርጂኒያን ግብር ለመሸሽ ታርጋውን ሜሪላንድ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ማለት ነው። ለመቆጠብ መፈለጋችሁ ይገባኛል። ግን አትግቡበት። ካውንቲው የቨርጂኒያ ታርጋ የሌለው የነዋሪ መኪና ሲያገኝ ያልተከፈለውን ግብር ከነቅጣቱ ወደ ኋላ ይጠይቃል። ከዚያ የባሰው ኢንሹራንሱ ነው። መኪናው የሚያድርበትን ቦታ በትክክል ካልነገራችሁ ሰው በገጫችሁበት ዕለት ኩባንያው አልከፍልም ማለት ይችላል። ያኔ የምታጡት 500 ዶላር አይደለም።

ቨርጂኒያን ስትለቁ

አንድ ቀን ደግሞ ከዚህ ትሄዳላችሁ። ያኔ ለዲኤምቪም ለካውንቲውም ለየብቻ ንገሩ። የለቀቃችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት፣ ለምሳሌ የአዲሱን ስቴት ሬጅስትሬሽን ላኩ። ካውንቲው ከዚያ ወር በኋላ ያለውን ግብር ያነሳል፣ የከፈላችሁት ካለም ይመልሳል። ካልነገራችሁ መኪናው እዚያው እንዳለ ይቆጠርና ሒሳቡ በሚቀጥለው ዓመትም ወደ ድሮው አድራሻችሁ ይላካል።